የሁለት ቤት ግድግዳ

የነጋድራስ ገድሉ ቤት ነዋሪዋን ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰው በጨዋ ድምፅ ነው። «እንደምን አደሩ፤ ዛሬ መስኮቶቹ ከምሥራቅ ይጀምራሉ» ይላል። ኤልዳና «እግዚአብሔር ይመስገን» ትለዋለች። ቤቱ መልሷን አይጠብቅም፤ እሷ ግን ሰላምታ ዋጥ አድርጎ መቅረት አልለመደችም። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ተነስታ መስኮቶቹን በተነገራት ተራ ትከፍታለች፣ ፀጉሯን ታስራለች፣ ሽሮዋን በተመደበላት ጥግ ትጥዳለች። ድስቱ መንተክተክ ሲጀምር ከራሷ በላይ ያለው መስኮት ወለል ብሎ ይከፈታል፤ እንፋሎት የኮርኒሱን ሥዕል ይጎዳልና። ክረምት ላይ ወይ ሽሮ ነው ወይ ሙቀት፤ ሁለቱ አብረው አይገኙም።

ረፋዱ ላይ ጎብኚዎች ይገባሉ። አብዛኞቹ በአካል አይመጡም፤ ሐዋሳ ወይም መቀሌ ሶፋቸው ላይ እንደተቀመጡ ምስላቸውን ይልካሉ። ምስሎቹ ደረጃ ሳይረግጡ ይወጣሉ፤ ወንበር ቢያጋጥማቸው በወንበሩ መሐል ያልፋሉ። የኤልዳና ድርሻ ተራ ኑሮዋን መኖር ነው። ሽንኩርት መክተፍ ይፈቀዳል፣ ማስነጠስ ይፈቀዳል፣ ጎብኚ ማናገር አይመከርም። ሕጉ «ሰው የማይኖርበት ቤት ዕቃ ነው» ይላል። ዕቃ ደግሞ ተነቅሎ ሙዚየም ይገባል እንጂ በቦታው አይቆምም። ስለዚህ በተመዘገበ ቅርስ ውስጥ ለአንድ ክፍል አንድ ነዋሪ ይቀመጣል።

«አሁን ያላችሁት በነጋድራስ አዳራሽ ውስጥ ነው» ይላል አስጎብኚው ድምፅ። «ነጋድራስ ገድሉ በቆዳና በጨው ንግድ ከብረው ይህን ቤት ያሠሩት ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው። የታችኛውን የድንጋይ ግንብ ያነሳው ሕንዳዊ ግንበኛ፣ የሰገነቱን እንጨት የፈለፈለው አርመናዊ አናጢ ነበር። ደረጃው በውጭ በኩል የተሠራው ባለጉዳይ የእመቤቲቱን እልፍኝ አቋርጦ እንዳያልፍ ነው። ከጣሪያው በላይ ያለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ ነጋድራስ በቅሎዎቻቸው ተጭነው ሲመጡ ገና ከሩቁ በመነጽር የሚያዩባት ነበረች።» ምስሎቹ ሁሉ ቀና ብለው ጣሪያውን ያያሉ። «ከዚያ በኋላ በቤቱ ላይ አንዳንድ ለውጦች ተደርገዋል» ይልና ወደ ሰገነቱ ይመራቸዋል።

አንዳንድ ለውጦች! ቤቱ በደርግ ጊዜ ተወርሶ የቀበሌ ሆነና ስምንት አባወራ ገባበት። አዳራሹ በጣውላ፣ በችፑድና በመጋረጃ ተሸነሸነ። በእመቤቲቱ እልፍኝ ውስጥ ልብስ ሰፊ ገባ፣ ከደረጃው ሥር ሴት ወለደች፣ አርመኑ በፈለፈለው ሰገነት ላይ በርበሬ ተሰጣ። ይህ ኑሮ ነጋድራስ በቤታቸው ከኖሩት ዘመን ብዙ እጥፍ ቆየ። ኤልዳና የተወለደችውም፣ ያደገችውም፣ ባሏን የቀበረችውም በነዚያ «አንዳንድ ለውጦች» ውስጥ ነው። ድምፁ ያቺን ዓረፍተ ነገር በተናገረ ቁጥር ሽንኩርቱን ከወትሮው ጠንከር አድርጋ ትከትፋለች።

ሰፈራቸው እሪ በከንቱ ፈርሶ ሰፈርተኛው ወደ ሩቅ ሩቅ ፎቆች ሲበተን ይህ ቤት ብቻ በቅርስነቱ ተረፈ። የኗሪ ቅርስ መምሪያ የሚባለው መሥሪያ ቤት መጥቶ ቤቱን ወደ መጀመሪያ መልኩ መለሰው፤ የቀበሌ ዘመን ክፍልፋይ ሁሉ እየተነቀለ ወጣ። የቀረው አንድ ብቻ ነው። እሱም ኤልዳናን ከጎረቤቷ ከጋሽ ያፌት የሚለየው ግድግዳ ነበር። አዳራሹ በመዝገብ አንድ ክፍል ስለሆነ ለአንድ ሰው ብቻ ይበቃል ተባለ፤ በሁለቱ መሐል ዕጣ ተጣለ። ለኤልዳና ወጣ። ያን ቀን ዕጣ ወጣልኝ ብላ ያለቀሰች ሴት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ጋሽ ያፌት ፍራሹን ጠቅልሎ ከአቃቂ ማዶ ካለ አንድ ፎቅ ገባ። የግድግዳው ማፍረሻ ትእዛዝ ግን በመሥሪያ ቤት ወግ ዛሬ ነገ ሲባል ግድግዳው ቆሞ ቀረ። ቤቱ በመዝገብ ያለውን ብቻ ስለሚያይ ግድግዳው መኖሩን አያውቅም። ምስሎቹም ሳያዩት በውስጡ አልፈው ይሄዳሉ።

ግድግዳው ያው ግድግዳ ነው፤ የሻይ ሣጥን ጣውላና ችፑድ፣ በላዩ በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ ጋዜጣ፣ በጋዜጣው ላይ ሌላ ጋዜጣ፣ በዚያ ላይ የከሰል ጥቀርሻ። ልዩ የሚያደርገው ከላይ ወደ ኮርኒሱ ሲጠጋ ያለው ቀዳዳ ነው። ቀበሌው ለሁለት ቤት አንድ ቆጣሪና አንድ አምፖል ስለፈቀደ፣ አያቶቻቸው ጣውላውን ቦርቡረው አምፖሏን በቀዳዳው መሐል ሰቀሏት። ግማሽ ብርሃን ወዲህ፣ ግማሽ ብርሃን ወዲያ። ማጥፊያው በጋሽ ያፌት በኩል ነበር።

«ኤልዱ፣ ላጥፋው?» ይላታል ከወዲያ።

«ቆይ፣ ይህችን የቀሚስ ቁልፍ ልትከል።»

«አንቺ ቁልፍ ስትተክዪ የኔ ዕድሜ አለቀ እኮ።»

«አንተስ ብታጠፋው ምን ልትሠራ ነው? ያው ተኝተህ ልታንኮራፋ!»

እንዲህ ሲባባሉ ፀጉራቸው ሸበተ። የሱ በር በበረንዳው፣ የሷ በር በጓሮው በኩል ስለነበር ፊት ለፊት የሚተያዩት በዓውደ ዓመት ወይም በእድር ስብሰባ ነበር። የቀረውን ሁሉ፣ የሱን ሚስት ሞትም፣ የሷን ባል ሞትም፣ የዘይት መወደድንም የተወያዩት ሳይተያዩ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለውን ኤልዳና ከማንም አልተማረችውም።

አሁን የሚያወሩት በስልክ ነው። «የዚህ ፎቅ ግድግዳ ጨዋ ነው፣ ምንም አያሰማም» አላት አንድ ቀን። «አስነጥሼ ይማርህ የሚለኝ አጣሁ።»

«ይማርህ» አለችው።

«አሁንማ አላስነጠስኩም።»

«ላለፈው ነው።»

ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ስልኩ ሲዘጋ ግን አለቀሰች። ቤቱ እርጥበት ጨመረ ብሎ መስኮት ከፈተባት።

አዲሱ ደንብ የወጣው በዚህ መሐል ነው። መምሪያው፣ ምን እንደታየው ባይታወቅም፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የቀበሌ ዘመን ሥራም ቅርስ ነው ብሎ ወሰነ። ኤልዳና ይህን እንደሰማች ቀልጠፍ ብላ አመለከተች። ግድግዳው ከተመዘገበ አዳራሹ ሁለት ክፍል ይሆናል። ሁለት ክፍል ሁለት ነዋሪ ይፈልጋል። ለሁለተኛው ክፍል ደግሞ ቀድሞ ይኖርበት ከነበረው ሰው የሚቀድም የለም። ከመምሪያው የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ ሐሳቡ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ባለሙያ በአካል መጥታ ግድግዳውንና ቀዳዳውን ካየች በኋላ ይጸድቃል።

«አለቀ በለው!» አለችው ጋሽ ያፌትን።

«ካለቀማ የዚህን ፎቅ ቁልፍ ልመልሳ። ወረፋ የያዘ ሰው አለ፣ አትቆይብን እያሉኝ ነው።»

«መልሰው! ምን ትጠብቃለህ?»

በማግስቱ መለሰ። ዕቃው እስኪጫን አንድ ጓደኛው ቤት ጠጋ አለ።

እንግዲህ ባለሙያዋ በአካል ልትመጣ ነው። እግር ያለው እንግዳ ወደዚያ ቤት ከገባ ዘመን ሆኖታል፤ ጫማ የሚያወልቅ፣ ወንበር ሲሰጡት የሚቀመጥ፣ ብሉ ሲሉት አይ አሁን በልቼ ነው የሚል። ኤልዳና ደስታዋን የምታደርግበት ጠፋት። ደስታው ሲበርድላት ግድግዳውን አየችው። አየችው ማለት፣ በእንግዳ ዓይን አየችው። ጥቀርሻው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ጋዜጣው ተቀዳዷል፤ በቀዳዳው ዙሪያ የቡና ቤት ጭስ የመሰለ ቢጫ ተጋግሯል። የድህነቷ ሁሉ ማስረጃ ፊት ለፊት ተገትሯል። አንዲት የተማረች የሰው ልጅ መጥታ ይህን ታያለች ብላ ስታስበው ፊቷ በእፍረት ጋለ።

የቤትን ገመና ለእንግዳ ማን ይከፍታል? እናቷ እንግዳ አለ ከተባለ የተቀደደውን ፍራሽ ከአልጋ ሥር ትደብቅ ነበር። የእናቷ እናትም ለፋሲካ ግድግዳ ሳትቀባ እንግዳ ተቀብላ አታውቅም። ኤልዳና ጓሮ ገብታ አዳሾቹ ትተውት የሄዱትን ኖራ አገኘች። ጋዜጣውን ሽፋን በሽፋን ላጠችው፤ የመኪና ማስታወቂያ፣ የሟች ፎቶ፣ የእግር ኳስ ውጤት እየተቀረፈ መጣ። ሰብስባ ጓሮ አቃጠለችው። ቀዳዳውን በጨርቅና በጣውላ ደፈነችው። ከዚያ ኖራውን በጥብጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ መሰላል ላይ ቆማ ትቀባው ጀመር።

ቤቱ «ያልተለመደ እርጥበት አለ» አላት። የመጣበትን ግን አላወቀም፤ በእሱ ዘንድ እዚያ ቦታ ላይ ግድግዳ የለም።

«እንግዳ አለብኝ» አለችው፣ ቀጥላም ቀባች። ብዙ ዓመት እንዲህ ደስ ብሏት አታውቅም። የሚያሳዝነው ይህ ነው።

ባለሙያዋ አስካለ የምትባል ወጣት ነበረች፤ በዚህ ዘመን የአያት ስም ተመልሶ ፋሽን ሆኗል፣ ትልልቆቹ ናቸው የልጅ ስም ይዘው የሸበቱት። አስካለ ጫማዋን አወለቀች። ኤልዳና ሁለት ጊዜ ሳመቻት፣ አልበቃ ብሏት ደገመቻት። ወንበር አቀረበች። አስካለ ግን ወንበሩን ይዛ ቆማ ግድግዳውን ታየዋለች። ግድግዳው አሞሌ ጨው መስሎ ነጥቷል።

«ይሄ መቼ ተቀባ፣ እትዬ?»

«ሰሞኑን ነው። ትመጫለሽ ብለውኝ» አለች ኤልዳና እጇን በነጠላዋ እየጠራረገች። «አላማረም እንዴ?»

«አምሯል። ጋዜጦቹስ?»

«ኧረ ተይኝ የኔ ልጅ፣ ያን ጥቀርሻ! አቃጠልኩት።»

«ቀዳዳውስ?» አስካለ ቀና ብላ ትፈልጋለች። «ባመለከቱት ላይ ስለ አምፖሏ የተናገሩት… እኔ ያንን አንብቤ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። አንድ አምፖል ለሁለት ቤት። እንዲህ ያለ ሌላ የትም አልቀረም እኮ።»

«ደፈንኩት። እንዴት ብዬ ያን ገመና ላሳይሽ?»

አስካለ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አንገቷ ላይ ያለው ትንሽ መቅረጫ ከገባች ጀምሮ ግድግዳውን እያየ ነው፤ ያየውንና የሰማውንም ወዲያው ወደ መምሪያው ይልካል። «እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔ የመጣሁት ገመናውን ላየው ነበር።»

ኤልዳና መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ዘወር ብላ ወደ ግድግዳው ሄደችና በጥፍሯ ኖራውን ፋቅ ፋቅ አደረገችው። «ይለቃል! ውሃ ካገኘ ይለቃል። ጨርቁንም አሁን አወጣዋለሁ፣ መሰላሉን ብቻ አምጪልኝ…»

«እንደገና የተሠራ አይቀበሉም። አቃጠልኩት ሲሉኝ መምሪያው ሰምቶታል።» አስካለ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ሳይነኩት ቢተዉት ኖሮ…»

«አንቺን የሚያክል እንግዳ በጥቀርሻ ልቀበል?»

አስካለ የቀረበላትን ምሳ በላች። እምቢ ማለት አልቻለችም፤ ሳትፈልገው ሁለት ጊዜ ከኤልዳና እጅ ጎረሰች።

የማፍረሻው ትእዛዝ በሳምንቱ መጣ። በዚያ ሳምንት ጋሽ ያፌት በየቀኑ ይደውላል። ኤልዳና ልትነግረው አፏን ትከፍታለች፣ ከዚያ ስለ ጉንፋን ታወራለች። ቁልፉን እንዲመልስ ያደረገችው ራሷ ናት፤ ምን ብላ ትናገር? «መቼ ልምጣ?» ሲላት «ትንሽ ብቻ ይቆይ፣ ኖራው ይድረቅ» አለችው። ሲያልቅ አያምር ይባላል። እሷ ግን ገና ሳይጀመር ነው ያበላሸችው።

አፍራሾቹ በአንድ ረፋድ ጨረሱት። ነጭ ጣውላዎቹን በጀርባቸው ተሸክመው ሲወጡ ጋሽ ያፌት በበሩ ይገባ ነበር። የተጠቀለለ ፍራሽ በትከሻው ይዟል፤ መጠበቅ ሰልችቶት ሳይነግራት የመጣ ነው። በሩ ጎብኚ ነው ብሎ አስገባው። ጣውላዎቹ ባጠገቡ ሲያልፉ ቆሞ አያቸው። ከዚያ ኤልዳናን አየ።

«ግባ እንጂ» አለችው።

«የት ልግባ?» አለ።

እውነቱን ነው። ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ወለል ብቻ አለ፤ ከዚያም የነጋድራስ ምሰሶዎች፣ ከዚያም ሰፊ ክፍት አየር። አልጋው በነበረበት ላይ የአንዲት ጎብኚ ምስል ቆማ ኮርኒሱን ታደንቃለች።

ሁሉንም ነገረችው። ስለ ጋዜጣው፣ ስለ ቀዳዳው፣ ስለ ኖራው፣ ስለ አስካለ እንባ። ስትናገር ወለሉን እያየች ነው። ይቆጣል ብላ ጠበቀች። ቢቆጣት በወደደች።

«ኖራ ቀባሽው» አለ።

«እንግዳ ሊመጣ አይደል እንዴ።»

ፍራሹን ከትከሻው አወረደ። «እኔም ብሆን እቀባው ነበር» አለ። «ቀዳዳውንማ መጀመሪያ ነው የምደፍነው።»

ፊት ለፊት ቆመዋል። እሱ እጁን የሚያደርግበት አጣ፣ እሷ ነጠላዋን ደጋግማ አስተካከለች። ያን ሁሉ ዓመት ሲያወሩ የኖሩ ሰዎች አንዲት ቃል አልመጣላቸውም። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ መሐሉ ላይ ሁለት አረጋውያን እርስ በርስ እንግዳ ሆነው ቆሙ።

«ፊትሽን ሳይ ወሬ ይጠፋኛል» አለ በመጨረሻ።

ግድግዳው የነበረበት ቦታ ላይ የወለሉ ጣውላ መልኩ ይለያል፤ እንደ መስመር ሆኖ አዳራሹን ያቋርጣል። ጋሽ ያፌት ከመስመሩ ወዲያ ሄዶ ፍራሹን ዘረጋና ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ። ኤልዳና ገባት። ከመስመሩ ወዲህ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ወደሱ አድርጋ። ጀርባዎቻቸው አልተነካኩም።

«ኤልዱ» አለ ከወዲያ።

«ወይ።»

«ያቺ የእድሯ ጸሐፊ፣ ሁለተኛ ማግባቷን ሰምተሻል?»

«ኧረ ሂድ! ማንን?»

ወሬው እንደ ጎርፍ መጣ። ማን ከየት ፎቅ እንደገባ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደከሳ። እሷ የጉልበቷን ሕመም ነገረችው፤ እሱ ጓደኛው ቤት የሚበላውን ምግብ አማላት። ሳቁ። የጎብኚዎች ምስል በመሐላቸው እያለፈ ይሄዳል፤ አስጎብኚው ድምፅ ስለ አርመናዊው አናጢ ይናገራል። አንዳንዶቹ ቆም ብለው ወለል ላይ ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡትን ሁለት ሰዎች ያያሉ፣ ማብራሪያም ይጠብቃሉ። ድምፁ ስለነሱ የሚለው የለውም።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራቡ መስኮት ዞረች። ቤቱ በጨዋ ድምፁ ተናገረ፦ «የጉብኝት ሰዓት አብቅቷል። በአካል የመጡ እንግዶች እባክዎ ወደ በሩ።»

ጋሽ ያፌት ፍራሹን ሲጠቀልል ሰማችው።

«የት ትሄዳለህ?» አለች ሳትዞር።

«ጓደኛዬ ጋ እመለሳለሁ። ከዚያ ለፎቁ ሌላ ወረፋ እይዛለሁ።»

«ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው። በይ ደህና እደሪ፣ ኤልዱ።»

«ቆይ፣ ይህችን ብቻ ልጨርስልህ» አለች። ስለ ልብስ ሰፊው ልጅ ነበር የምታወራው፣ ገና መሐሉ ላይ ነች። ቀጠለች። ወለሉ ከኋላዋ ሲንቋቋ፣ እግሩ የውጭውን ደረጃ ቀስ ብሎ ሲወርድ፣ የግቢው በር ሲዘጋ ሰማች። ዞራ ብታይ ሰፊውን አዳራሽ ታያለች፤ አልዞረችም። የልብስ ሰፊው ልጅ እንዴት ጠፍቶ እንዴት እንደተገኘ እስከ መጨረሻው ተናገረች። ወሬው ሲያልቅ ሌላ ጀመረች።